ከሞት ጭፈራ የቀሩት ሁለት ሴቶች

ምስሉን ፊልሙን ከማየቴ ከብዙ ዓመት በፊት አውቀው ነበር። ኮረብታ አለ። ከኮረብታው በላይ የደፈረሰ ሰማይ አለ። ጥላ ብቻ የሆኑ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በኮረብታው ጫፍ ላይ ይሄዳሉ። ከፊት የሚመራቸው ረጅም እጀታ ያለው ማጭድ ይዟል። ስቶክሆልም ከመጣሁ ጀምሮ በፖስተር ላይ አየሁት፣ በቲሸርት ላይ አየሁት፣ አንዴ እንዲያውም በቡና ስኒ ላይ። የሆነ የሮክ ባንድ ማስታወቂያ ነበር የመሰለኝ። እውነቴን ነው።

ከዚያ ሥራዬ ከአሮጊቷ ጋር አገናኘኝ።

የምሠራው ሄምሸንስት ነው። እዚህ ያለን ሀበሾች ብዙዎቻችን አልፈንበታል። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መርዳት ነው። መድኃኒት ማስታወስ፣ ገላ ማጠብ፣ ምግብ ማሞቅ፣ ያን እግር የሚያጠብቅ የደም ሥር ካልሲ ማልበስ። (የካልሲውን ነገር የሠራበት ሰው ጣቱ ይመሰክራል።) አሮጊቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። ስዊድኖች ከንጉሣቸው በቀር ሰውን ሁሉ አንተና አንቺ ነው የሚሉት፤ እኔም በስዊድንኛ “ዱ” እላቸዋለሁ። በሆዴ ግን አንቱ ናቸው። እዚህም አንቱ ብዬ ነው የምጽፋቸው፤ ሌላውን እጄ እሺ አይለኝም።

አንድ የኅዳር ምሽት ቴሌቪዥናቸው ላይ ጥቁርና ነጭ ፊልም ይታያል። የሚቀጥለው ደንበኛዬ ሆስፒታል ገብቶ ስለነበር ጊዜ ተርፎኛል። “ቁጭ በይ፣ ሊያልቅ ነው” አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ያ የቡና ስኒው ኮረብታ መጣ። ሰዎቹ እየተጎተቱ አለፉ። ሴትዮዋ ከፊልሙ ዞር ብለው በአስተማሪ ዓይናቸው አዩኝና፣ “ማን ቀረ?” አሉኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? ስም ጠርተው የቀረውን የሚጠይቁ ይመስላል። ለካ እውነትም ነው። ለዓመታት ክፍል ገብተው ስም የጠሩ ሰው ናቸው፤ ሰልፍ ሲያዩ የሚታያቸው የጎደለው ነው።

ፊልሙ የስዊድናዊው ዳይሬክተር የኢንግማር በርግማን “ሰባተኛው ማኅተም” ነው። በ1957 ነው የወጣው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አይቼዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ የአሮጊቷ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንቶኒየስ ብሎክ የሚባል ባላባት ከመስቀል ጦርነት አሥር ዓመት ቆይቶ ወደ ስዊድን ይመለሳል። አገሩን ወረርሽኝ ይዟታል። ባሕር ዳርቻ ላይ ሞት ራሱ፣ ፊቱ የነጣ፣ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ሆኖ ይመጣል። ባላባቱ ቼዝ እንጫወት ይለዋል። ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ይኖራል ማለት ነው። ጥቁሩ ጠጠር ለሞት ይደርሰዋል፤ እሱም ለእኔ የሚገባኝ ነው ብሎ ይቀበላል። (በእኛ በድሮው ሰንጠረዥ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። በእኛ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ነው የሚያንቀሳቅሱት። ከሞት ጋር ተራ ሳይጠብቁ መጫወት ደግሞ አስቡት።)

በመንገድ ላይ ሰዎች ይቀላቀሉታል። ዮንስ የሚባለው ምላሱ ስለታም አሽከሩ ቀድሞም አብሮት አለ። ዮንስ ራቫል ከሚባል ደፋሪ ያዳናት አንዲት ስም የሌላት ልጅ አለች። ፕሎግ የሚባል አንጥረኛና ሚስቱ ሊሳ አሉ። ዮፍና ሚያ የሚባሉ፣ ሕፃን ልጅ ያላቸው፣ በጋሪ እየዞሩ የሚያጫውቱ ባልና ሚስት አሉ፤ ስካት የሚባል ተዋናይም አብሯቸው አለ። ዮፍ ራእይ የሚያይ ሰው ነው። ሚስቱ አታምነውም፤ ግን ትወደዋለች።

መጨረሻው ላይ ባላባቱ ጠጠሮቹን ሆን ብሎ በካባው ይገለብጣቸዋል። ሞት ጠጠሮቹን መልሶ ሲደረድር ዮፍና ሚያ ልጃቸውን ይዘው በጨለማ ይሸሻሉ። የቀሩት የባላባቱ ግንብ ይደርሳሉ። ሞት እዚያ ይገባል። በማግስቱ ንጋት ላይ ዮፍ ከጋሪው ወርዶ ወደ ሰማይ ያያል፤ ያ ኮረብታ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ “ማን ቀረ” እንምጣ።

በኮረብታው ላይ ያሉት ጥላዎች ናቸው። በዓይን ብቻ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። የምናውቀው ዮፍ ለሚያ እየጠራ ስለሚነግራት ነው። አንጥረኛው፣ ሊሳ፣ ባላባቱ፣ ራቫል፣ ዮንስ፣ ስካት። ስድስት ስም። ፊት ፊት ጌታው ሞት ማጭድና የአሸዋ ሰዓት ይዞ ይመራል፤ ስካት ክራሩን ይዞ ከኋላ ይንጠለጠላል። ከንጋቱ እየሸሹ ወደ ጨለማው አገር ይሄዳሉ ይላል፤ ዝናቡም የእንባቸውን ጨው ከጉንጫቸው ያጥባል።

ስድስቱን በጣቴ ቆጠርኩ። ግንቡ ውስጥ ሞት በገባ ጊዜ የነበሩትንም ቆጠርኩ። እነሱም ስድስት ናቸው። ባላባቱ፣ ሚስቱ ካሪን፣ ዮንስ፣ አንጥረኛው፣ ሊሳ፣ ስም የለሿ ልጅ። ቁጥሩ እኩል ነው፤ ሰዎቹ ግን አይገጥሙም። ራቫልና ስካት ግንቡ ውስጥ አልነበሩም፤ ቀድመው ጫካ ውስጥ ሞተዋል። በእነሱ ቦታ የጎደሉት ካሪንና ልጅቷ ናቸው።

ይህን ለአሮጊቷ ስነግራቸው ሳቁ። ሲያውቁ ነው የጠየቁኝ። የእሳቸው መልስ ግን ደረቅ ነበር፤ “ተዋንያኑ ወደ ማደሪያቸው ሄደው ነበር” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ በርግማን ራሱ ጽፎታል። ቦታው ሆቭስ ሃላር ይባላል፣ በደቡብ ስዊድን ስኮኔ ውስጥ ያለ ድንጋያማ የባሕር ዳርቻ። ማዕበል እየመጣ ስለነበር ሥራ አቁመው ዕቃ ሸክፈዋል። ድንገት አንድ እንግዳ ደመና ታየው። የካሜራ ባለሙያው ጉናር ፊሸር ካሜራውን በጥድፊያ መልሶ ተከለ። ከተዋንያኑ ብዙዎቹ ሄደዋል። ስለዚህ ዕቃ ተሸካሚ ሠራተኞችና ለጉብኝት የመጡ ሰዎች በእነሱ ፈንታ ቆሙ። ምን እየሠሩ እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር። በጥቂት ደቂቃ አለቀ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። ስንቱ ሰው ቲሸርት አሠርቶ የሚለብሰው ምስል በመንገደኞች የተሠራ ነው! ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ደስ አለኝ። ሞት መጥቶ በአጠገቡ ያለፈውን ሰው “ና፣ አንተም ያዝ” ብሎ ሰልፍ ውስጥ አስገባው ማለት አይደል? ከዚህ የበለጠ ለርዕሱ የሚስማማ አቀራረጽ ከየት ይመጣል?

ግን የአሮጊቷ መልስ ጥያቄዬን አይዘጋውም። ሰዎቹ ጥላ ከሆኑ፣ ጎብኚም የሚቆም ከሆነ፣ ሁለት ጎብኚ መጨመር ምን ይከብዳል? ዋናው ደግሞ የዮፍ አፍ ነው። ስም ለመጥራት ተዋናይ አያስፈልግም። “ልጅቷ” ብሎ አንድ ቃል ቢጨምር ማን ከለከለው?

ካሪንን ዮፍ አያውቃትም፤ አይቷት አያውቅም። እሺ፣ እሷስ ትቅር። ልጅቷ ግን አብራው በዚያ ጫካ ተጉዛለች። ራቫልን የሚያክል ሰው ጠርቶ እሷን እንዴት ይረሳታል?

ራቫል ማለት ከአሥር ዓመት በፊት ባላባቱን ለመስቀል ጦርነት የሰበከው ሰው ነው። አሁን የሬሳ ሌባ ሆኗል። ልጅቷን ሊደፍር የነበረው እሱ ነው። መጠጥ ቤት ውስጥ ዮፍን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ እንደ ድብ ያስጨፈረውም እሱ ነው፤ ድሃው ሰውዬ እስኪወድቅ ድረስ። ይህን ሦስተኛ ጊዜ ሳየው ነው ልብ ያልኩት። ያስጨፈረው ሰው አሁን ኮረብታው ላይ ይጨፍራል፤ ጨፋሪው ደግሞ ቆሞ ያየዋል። ዮፍ ግን ስሙን ሲጠራ ድምፁ ውስጥ ቂም የለም። ከሌሎቹ መካከል እንደ ማንኛውም ሰው ጠርቶት ያልፋል።

ታዲያ መልሱ የት አለ? እኔ ያገኘሁት ሞት ግንቡ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ በሚናገረው ላይ ነው። ትዕይንቱን ድምፁን ጨምራችሁ እዩት። ባላባቱ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ወደ እግዚአብሔር ይጮሃል። ዮንስ በጌታው ጸሎት ይሳለቃል፤ ዝም በል ሲባል ደግሞ “ዝም እላለሁ፣ ግን እየተቃወምኩ” ይላል። (በፊልሙ ውስጥ ከዮንስ በላይ የምወደው ሰው የለም። ይህን ልደብቅ አልችልም።) አንጥረኛው ይቀባጥራል። ሙያዬ አንጥረኝነት ነው፣ ጎበዝ ነኝ፣ ይህቺ ሚስቴ ናት፣ ሊሳ እጅ ንሺ፣ አንዳንዴ ታስቸግራለች... ቢሮ የገባ ባለጉዳይ ነው የሚመስለው። ቀድመው የሞቱትንም አስታውሱ። ራቫል መሞት እፈራለሁ እያለ ውሃ ሲለምን ነው የሞተው። ስካት ዛፍ ላይ ወጥቶ ሞት ከታች ግንዱን ሲገዘግዝበት፣ ትርኢት አለብኝ፣ ውል አለብኝ፣ ለተዋናይ የተለየ ሕግ የለም ወይ ብሎ ይከራከራል። ሞትም ትርኢቱ በሞት ምክንያት ተሰርዟል ይለዋል።

ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ይለምናሉ፣ ይሟገታሉ፣ ያሳብባሉ፣ ቀን ይግፉልን ይላሉ። ቼዙም ያው ልመና ነው፤ የኩሩ ሰው ልመና።

ካሪን ግን ሌላ ናት። ሰዉ ሁሉ ወረርሽኙን ፈርቶ ሲሸሽ እሷ ግንቡ ውስጥ ብቻዋን ቀርታ ባሏን ስትጠብቅ ነው ያገኟት። ምግብ አቅርባ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጣ ታነባለች። የምታነበው የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ ስምንትን ነው። “ሰባተኛውንም ማኅተም በፈታ ጊዜ እኩል ሰዓት የሚያህል ዝምታ በሰማይ ሆነ።” ሞት ሲመጣ ትነሣለች። የባላባቱ ሚስት ካሪን ነኝ፣ ወደ ቤቴ እንኳን ደህና መጣህ ትለዋለች። በቃ። እንግዳ ተቀበለች።

ልጅቷ ደግሞ ፊልሙን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ጉኔል ሊንድብሎም ናት የምትጫወታት፤ በዓይኗ ብቻ ነው የምትሠራው። ራቫል ጫካ ውስጥ እየሞተ ውሃ ሲለምን፣ ውሃ ይዛ ወደ እሱ ልትሮጥ የተነሣችው እሷ ናት። ሊደፍራት ወደነበረው ሰው! ዮንስ ይዞ አስቀራት፤ ከንቱ ነው አላት። እንግዲህ ሞት ግንቡ ውስጥ ሲገባ እሷ ትንበረከካለች፣ ፊቷ ይበራል፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቃሏን ትናገራለች። በስዊድንኛ “ደት ኤር ፉልቦርዳት” ነው። አሮጊቷ የድሮ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከመደርደሪያ አስወርደውኝ የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 19 ቁጥር 30 አሳዩኝ። ቃሉ ያው ነው፣ ጌታ በመስቀል ላይ ያለው ነው። በእኛው “ተፈጸመ” የሚለው። ስቅለት ቀን ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ቃል ነው፤ ስሰግድ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ የሰማሁት። ትርጉም ጽሑፉን ብቻ እያነበብኩ ባየው ኖሮ ያልፈኝ ነበር።

ከልጅቷ ፊት ቀጥሎ የምናየው የሚያን ፊት ነው። በሕይወት የተረፈችውን፣ የልጅ እናቷን። በርግማን ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ ሲያሻግረን እንዲሁ አይመስለኝም።

ስለዚህ የእኔ ንባብ ይህ ነው። ሰልፉ የሙታን ሁሉ ሰልፍ አይደለም። የሚጎተቱት ሰዎች ሰልፍ ነው። ምስሉን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሞት ከፊት ይስባል፣ ከኋላ ያሉት ወደ ኋላ እየተለጠጡ ይከተላሉ። በገዛ እግሩ የመጣ ሰው አይጎተትም። ካሪንና ልጅቷ የት ሄዱ ብትሉኝ ፊልሙ አይናገርም፤ እኔም ገነት ገቡ ልላችሁ አልዳዳም። ከሰልፉ ግን የሉም።

ሊሳ ብቻ ታስቸግረኛለች። ሊሳ ምንም አልለመነችም፤ እጅ ነስታ ዝም ነው ያለችው። ባሏ ስለ ተናገረላት ነው የምትጎተተው? አላውቅበትም። አሮጊቷ ይቺን ቀዳዳ ወዲያው አገኟት። “የአንቺ ቲዎሪ አንድ ተማሪ ጣለ” አሉኝ። አንድ መጣል ግን ለማለፍ አይከለክልም ብዬ ተከራከርኩ።

በሥራዬ ሦስት ጊዜ ሞት ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። አንደኛው ሽማግሌ ስለ መኪናው የክረምት ጎማ እየነገረኝ ነበር። ጎማው ጋራዥ ውስጥ የት እንዳለ በዝርዝር። አንጥረኛው ሲቀባጥር የዚያ ሽማግሌ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ።

ባለፈው የጸደይ ወር አንድ የዕረፍት ቀኔን ወስጄ ቴቢ ሄድኩ። ከስቶክሆልም ምሥራቅ ጣቢያ በሮስላግስባናን፣ በዚያች ትንሽ ባቡር ነው የሚኬደው። የቴቢ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በሥዕል የተሞላ ነው። አልበርቱስ ፒክቶር የሚባል ሠዓሊ በ1480ዎቹ የሣላቸው ናቸው። የበርግማን አባት የሉተራን ቄስ ነበር። በስቶክሆልም ዙሪያ ባሉ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ሊሰብክ ሲሄድ ልጁን አንዳንዴ ይወስደው ነበር። ልጁ ስብከቱን ትቶ ጣሪያውን ያያል። ሞት ቼዝ ሲጫወት፣ ሞት ዛፍ ሲገዘግዝ፣ ሞት ሰዎችን ሲያስጨፍር ያየው እዚያ በግድግዳና በጣሪያ ላይ እንደሆነ በኋላ ጽፏል። እኔም በልጅነቴ ቅዳሴ ሲረዝምብኝ የቅዱስ ጊዮርጊስን ዘንዶ ጥርስ ስቆጥር ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ ገባኝ።

የቼዙን ሥዕል ለማየት አንገት ማዞር ያስፈልጋል። ትንሽ ነው። ከፊልሙ በጣም ይለያል። በፊልሙ ሞት ረጋ ያለ፣ እንደ መነኩሴ ያለ ነው። እዚህ ግን አጥንቱ የወጣ ነው፤ ይስቃል። ተጫዋቹ ጥሩ የለበሰ ሰውዬ ነው፣ ፊቱን ወደ ሰሌዳው ሳይሆን ወደ እኛ አዙሯል። ሥዕሉ ውስጥ ባለው የጽሑፍ ጥቅልል ላይ በድሮ ስዊድንኛ ‘ማት እልሃለሁ’ የሚል ተጽፏል፤ አሸንፍሃለሁ ማለት ነው። ጨዋታው ገና ሳያልቅ! ለአሮጊቷ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። “ይኼ ሰውዬ ፈተናው ላይ አላተኮረም” አሉ።

እሑድ ማታ ደሴ ደወልኩ። ለእናቴ ሁሉን ነገር ነው የምነግራት፤ ይህንንም ነገርኳት። ቼዙን ዘለልኩት፤ አይገባትም ሳይሆን መስመሩ እየተቆራረጠ ነው። ግንቡን፣ ወረርሽኙን፣ ምግብ ቀርቦ መጽሐፍ ሲነበብ ሞት በር ላይ መቆሙን ነገርኳት። ካሪን ተነሥታ እንኳን ደህና መጣህ ማለቷን ነገርኳት። ጸጥ አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ “እማዬ? እማዬ?” አልኩ።

“አለሁ፣ አለሁ” አለች። “ምግብ ቀርቦ ነበር አላልሽኝም?”

“አዎ፣ ገበታው ላይ ነበሩ።”

“ታዲያ አቀመሱት?”